የጅሩ ምንሽር

ፒክአፑ የጂንካን የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ዞሮ ወደ ቀይ አፈር ከተማ የሚወስደውን መንገድ ሲይዝ፣ ሀብታሙ አንጁሎ ከኋላ አንድ በርሜል ናፍጣ ተደግፎ ከስድስት ታጋዮች መሀል ተቀምጦ ነበር። ጥቅምት 1985 ዓ.ም. ነው። ክረምቱ መንገዱን ቦርቡሮት ስለሄደ መኪናው በዘለለ ቁጥር በርሜሉ ወገቡን ይመታዋል። ታጋዮቹ ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ከአቧራው ጋር ይታገላሉ። ሰሞኑን ብዙም አይጫወቱም። ከሦስት ቀን በፊት በሌላ መንደር ከማሽላ ማሳ ውስጥ በተተኮሰ ጥይት አንድ ጓደኛቸው ጭኑን ተመትቶ ጂንካ ሆስፒታል ተኝቷል።

ሀብታሙ አስተርጓሚ ነው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ ትውልዱ ኣሪ። በጎረቤቱ በበና ሕዝብ አገር ውስጥ በነበረ አንድ የሚስዮን ክሊኒክ ስድስት ዓመት ካርድ ሲጽፍ ስለኖረ የበናን ቋንቋ እንደ ራሱ ቋንቋ ይናገራል። ክሊኒኩ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ አልነበረውም። አዲሶቹ ሹሞች አማርኛም የአገሩንም ቋንቋ የሚችል ሰው ሲፈልጉ ስሙን የሰጣቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው።

ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው የጋንታው መሪ ታጋይ ተሰማ፣ ከድሮው አውራጃ ጽሕፈት ቤት የተገኘውን የጦር መሣሪያ ፈቃድ መዝገብ ጭኑ ላይ አድርጎ ይዟል። መዝገቡ ውስጥ ባለቤቶቻቸው በሞቱ ጠመንጃዎች አንጻር በቀይ እርሳስ ምልክት አድርጓል። ትእዛዙ አጭር ነበር። በሕይወት ያለ ባለፈቃድ ራሱ ቀርቦ ያሳድሳል። የሞተ እንደሆነ ፈቃዱም አብሮት ስለሞተ መሣሪያው ይወረሳል።

ይህ «ይወረሳል» የሚለው ቃል ገና ከመጀመሪያው ጣጣ አምጥቶ ነበር። በአማርኛ ልጅ ካባቱ ሲወስድም ውርስ ነው፤ መንግሥት ከሰው ሲወስድም ውርስ ነው። በበና ቋንቋ ግን ሁለቱ አይገናኙም። ትእዛዙ በቀይ አፈር የሐሙስ ገበያ በአማርኛ ብቻ ሲነበብ፣ በውትድርና አማርኛ የለመደ አንድ ሰው ለጓደኞቹ ያባቶቻቸው ጠመንጃ ለልጆች እንዲወረስ መንግሥት ፈቀደ ብሎ አበሰራቸው። በማግስቱ ከአርባ የሚበልጡ ወንዶች የሞቱ አባቶቻቸውን ጠመንጃ ቅቤ ቀብተው፣ ወልውለው፣ ውርሳቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። ሁሉም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ተሰማ ነገሩ ሲነገረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለ ሀብታሙ አንድም ቃል እንዳይነገር አዘዘ።

ሀብታሙ በዚህ ኮርቶ ነበር። ግን ሌላም ነገር ውስጡ ነበር፤ ለማንም ያልነገረው።

አባቱ አንጁሎ ከጂንካ በላይ ባለው ተራራ የአንድ ባለርስት ገባር ሆኖ ነው ያረጀው። ሃያ ዓመት ሙሉ የማር ጋን በጀርባው ተሸክሞ በባለርስቱ በር ገብቷል። በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበሩ የባለርስቱን ጠመንጃዎች አውጥቶ ለታጣቂነት ለተመረጡ ሰዎች ሲያድል፣ አንድ አልቤን ለአንጁሎ ደረሰው። በዚያ ጠመንጃ ሌባም አውሬም አልገደለም። እሁድ እሁድ ግን አንግቶት በዚያው በር ፊት ለፊት ያልፍ ነበር። ወደ ግቢው አያይም፤ ብቻ ቀስ ብሎ ያልፋል። ሀብታሙና እህቱ ዘሪቱ ገና ወጣት ሳሉ ከኋላው እየተከተሉ እንደሱ ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር።

አንጁሎ በ1981 ሞተ። አልቤኑ ዘሪቱ ቤት፣ በአባትየው ጋቢ ተጠቅልሎ ቆየ። ሀብታሙ ለሥራው ሲጠራ የመጀመሪያው ጥያቄ ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ የሚል ሆነ። ዘሪቱ አልተከራከረችውም። ጠመንጃውን አውጥታ ሰጠችውና ጋቢውን ገፍፋ መልሳ ወሰደች። የተሰጠው ደረሰኝ ላይ «አልቤን አንድ፣ የቀድሞው መንግሥት ንብረት» ተብሎ ተጻፈ። የአባቱ ስም እንዲጻፍ ጠየቀ። ጸሐፊው ለስም የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ እንደሌለ ነገረው። ዘሪቱ መምህርት ናትና ደረሰኙን ተቀብላ አነበበች፤ ገልብጣ ጀርባውንም አየች። «አባታችን የት አለ?» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ግቢ እየኖሩ አታናግረውም።

ስለዚህ በየመንደሩ ሰዎች ቀን ይሰጠን፣ ዘመድ እናማክር፣ ያባታችን ነው ሲሉ ሀብታሙ ይቆጣ ጀመር። እኔ ሰጥቻለሁ፤ እነሱ ለምን አይሰጡም የሚል ነገር። ንግግራቸውን ሲያስተረጉም ልመናውን እያሳጠረ መጣ። ተሰማም ማጠሩን ወደደው፤ ጊዜ ይቆጥባል።

የዚያን ቀን የሚፈለገው ጅሩ የሚባል ሰው ጠመንጃ ነበር። መዝገቡ «ምንሽር አንድ» ይላል። ጅሩ በሰኔ ሞቷል።

መኪናው ደረቅ ወንዝ ዳር ሲደርስ መንገዱ አለቀ። ሾፌሩንና አንድ ታጋይ እዚያ ትተው ሁለት ሰዓት ያህል በግራር መሀል በእግር ሄዱ። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ የኮዳው ውሃ መንገድ ላይ አለቀ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ደርሷል። ታጋዮቹ በማሳ መሀል ሲያልፉ ተራርቀው፣ ጣታቸውን ቃታ ላይ አድርገው ነበር የሚሄዱት።

የጅሩ ግቢ በእሾህ አጥር የተከበበ ሦስት ጎጆና አንድ የከብት በረት ነው። ልትቀበላቸው የወጣችው የጅሩ ሚስት ናት። ሰው ሁሉ በታላቅ ልጇ ስም የቦሼ እናት ነው የሚላት። ረጅም፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት፤ የለበሰችው የፍየል ቆዳ፣ ክንዷ ላይ የብረት አምባር። ሀብታሙን ከክሊኒኩ ዘመን ታውቀዋለች። ሰላምታ ሰጥታው ስለ ጤናው ጠየቀችው። ትንሹ ልጇ ዳዊ በኩፍኝ ታሞ ሲመጣ ካርዱን የጻፈው እሱ ነበር። አሁን ዳዊ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ተሰማ በሀብታሙ በኩል ሰላም አላት። ሐዘኗን እንደሰማ ነገራት። ከዚያ ትእዛዙን ዘርዝሮ ጠመንጃውን እንድታመጣ ጠየቀ። ተሰማ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ከሰሜን የመጣ። አማርኛ ለእሱም ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠ ነው የሚናገረው። ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ሳምንት ለሁለት ቤተሰብ የሦስት የሦስት ቀን ጊዜ ሰጥቷል።

የቦሼ እናት ጎንበስ ብላ አፈሩን እያየች ብዙ ተናገረች። ቦሼ ከከብቶቹ ጋር ወደ ወይጦ ወንዝ በኩል መውረዱን አስቀደመች። ቀጥላ ስለ ጠመንጃው ተናገረች። ምንሽሩ የጅሩ ነው አለች። ጅሩ ተቀበረ እንጂ ገና አልሄደም። ማሽላው ታጭዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የመጨረሻው ለቅሶ እስኪወጣለት ድረስ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ምንሽሩንም ይዞታል። ለቅሶው ሲወጣ እሱ ይለቀዋል፣ ቦሼ ይቀበላል። ያኔ ቦሼ ያምጣው ብትሉ ያመጣል፤ አሥር ቀን ነው የቀረው። አሁን ግን ከሞተ ሰው እጅ ነጥቄ ብሰጣችሁ እሱ በቤቱ ላይ ምን ያደርጋል ስትል ጠየቀች። ጥያቄዋ የምር ነበር፤ መልስ የምትፈልግበት።

ሀብታሙን አንዷም ቃል አላመለጠችውም። በክሊኒኩ ዘመን እንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። ግን አሥር ቀን የሚለውን ሲሰማ ያ ቁጣ ተነሳበት። ለእኔ አባትስ ማን አሥር ቀን ሰጠው ብሎ አሰበ። ውሃ ጠምቶታል። ተመልሶ የሚሄድበት ሁለት ሰዓት መንገድ አለ። ስለ ሙታን የሚነገረውን ሁሉ ለዚህ የሰሜን ልጅ ማስረዳት ታከተው።

«ምን አሉ?» አለ ተሰማ።

«ጠመንጃው ቤት ውስጥ ነው። የያዘው ሰው አለ። አልሰጥም ይላሉ።»

የተሰማ ፊት ተለወጠ። ታጋዮቹ ከተደገፉበት ግንድ ተነሱ። ተሰማ ዓይኑን ከጎጆዎቹ ሳያነሳ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ስንት ሰው ውስጥ እንዳለ ጠየቀ። ሀብታሙ አላውቅም አለ። ይህ እውነት ነበር። በዚያ ቅጽበት ግን ያጎደለውን መሙላት ይችል ነበር። ያዘ የተባለው ሟቹ ነው ማለት አራት ቃል ነው። ፈርተው ጠመንጃውን ቶሎ ቢያወጡ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን ብሎ አሰበ፤ አልተናገረም።

ተሰማ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሁለቱ ከትልቁ ጎጆ ግራ፣ ሁለቱ ቀኝ ሆኑ፤ አንዱ አጥሩ ጋ ተንበረከከ። ጠመንጃ ሲቀባበል የቦሼ እናት ቀና አለች። «ውጣ!» ብሎ ጮኸ ተሰማ ወደ ጎጆው። «መሣሪያህን ጥለህ ውጣ!» ሀብታሙ ይህን እንዲያስተረጉም የጠየቀው የለም። ሴትየዋ ክንዱን ይዛ ምን እያሉ ነው ስትለው፣ እናቴ፣ ዝም ብለሽ ስጪያቸው ማለት ጀመረ።

ጎጆው ውስጥ ዳዊ ነበር። ወባ ይዞት ሦስት ቀን ተኝቷል። የእናቱን ንግግር ከውስጥ ይሰማ እንደነበር አብራው የነበረችው ሚስቱ በኋላ ተናግራለች። አማርኛ አያውቅም። ጩኸቱን ሲሰማ ግን የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ገባው። ያባቱን ምንሽር ከተሰቀለበት አወረደ። ሚስቱ አባትህ ይቆጣል ስትለው፣ እናቴን ከሚመቷት እሱ ይቆጣኝ አላት።

የጎጆው በር ዝቅተኛ ነው፤ ሰው ተንበርክኮ ነው የሚወጣበት። ረጅም ጠመንጃ ይዞ የሚወጣ ሰው በሁለት እጁ ወደፊት ከመግፋት በቀር ሌላ መላ የለውም። መጀመሪያ አፈሙዙ ታየ። ከበሩ በስተቀኝ የነበረው ታጋይ ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

ተሰማ አቁም ብሎ ሲጮኽ ነገሩ አልቆ ነበር። ዳዊ ግማሽ አካሉ በሩ ውስጥ እንዳለ በፊቱ ተደፋ። ተሰማ ሮጦ ምንሽሩን አነሳና የጥይት ቤቱን ከፍቶ አየ። ባዶ ነበር። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ጥይቶች በሰኔ፣ በጅሩ ቀብር ላይ ተተኩሰው ካለቁ አራት ወር ሆኗቸዋል። የተኮሰው ታጋይ፣ ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ እያለ ይደጋግም ነበር።

እናትየው አልጮኸችም። ልጇን በብብቱ ይዛ ከበሩ ስባ አወጣችው፤ ፊቱ ላይ ያለውን አፈር በመዳፏ ጠረገች። የጮኸችው የዳዊ ሚስት ናት። ተሰማ ቆቡን አውልቆ ከቆመ በኋላ በጣም ማዘኑን እንዲነግርለት ሀብታሙን ጠየቀው። ሀብታሙ ነገራት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳያጎድልና ሳይጨምር፣ ሙሉዋን አስተረጎመ። የቦሼ እናት ተሰማን አላየችም። ታይ የነበረው የሀብታሙን አፍ ነው።

ምንሽሩን ይዘው ሄዱ። ደረሰኙን የሚቀበል ሰው ስላልነበረ ተሰማ ከአጥሩ አጠገብ በድንጋይ ተጭኖ እንዲቀመጥ አደረገ።

ደረቁ ወንዝ ሊደርሱ ሲሉ ሀብታሙ ሊሸከመው አልቻለም። ተሰማን ከሌሎቹ ወደኋላ አስቀርቶ ሴትየዋ ያለችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው፤ አሥሩን ቀን፣ ለቅሶውን፣ ጠመንጃውን ይዞታል ያለችው ማንን እንደሆነ። ተሰማ መንገዱ መሀል ቆመ።

«ሙሉውን ብትነግረኝ ኖሮ ምን አደርግ ነበር?» አለ።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግከኝ ግን አንተ ነህ።»

ጂንካ ሲመለሱ ሪፖርቱን የጻፈው ሀብታሙ ነው፤ የእጁ ጽሕፈት ጥሩ ስለሆነ። ተሰማ እየነገረው «ሟች መሣሪያ ይዞ ከቤት ሲወጣ ተመትቶ ሞቷል» ብሎ ጻፈ። ውሸት የሆነ ቃል አልነበረበትም። ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ሥራውን መተዉን ተናገረ። ተሰማም ለምን ብሎ አልጠየቀውም። በወሩ ጋንታው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ አልተገናኙም።

ሀብታሙ ቤቱ ተኝቶ ከረመ። ምግብ አስጠላው። ዘሪቱ መጀመሪያ ወባ መስሏት ክኒን አመጣችለት። ክኒኑን በእጁ እንደያዘ ሁሉንም ነገራት፤ ቁጣው ከየት እንደመጣም ጭምር። ዘሪቱ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ አልወቀሰችውም፤ አላጽናናችውምም። ሄዶ ለሴትየዋ መንገር እንዳለበት ብቻ ነገረችው። ቢገድሉህስ ብዬ እፈራለሁ፤ ግን ሂድ አለችው። ሲሄድ እስከ መናኸሪያው ሸኘችው።

ኅዳር ሊጋመስ ሲል ብቻውን በቀይ አፈር በኩል ሄደ። ማሽላው ታጭዶ ማሳው ገላጣ ሆኗል። የጅሩ ግቢ በረት ባዶ ነበር፤ ፋንድያው ደርቋል። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው እንደነገረው፣ የጅሩ ቤት ጠመንጃ እንደሌለው ወሬው በተሰማ በሁለተኛው ሳምንት ሌቦች መጥተው የከብቶቹን ግማሽ ነድተዋል። ቦሼ የተረፉትን፣ ፈቃዳቸውን ያሳደሱ አማቾቹ ዘንድ ወስዶ ከእነሱ ጋር እየጠበቀ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቤት ብቅ ይላል። ለቅሶው አልወጣም። የአባትም የልጅም በአንድ ላይ ይወጣል ተብሎ ለሌላ ዓመት ተላልፏል።

ሀብታሙ አጥሩ ውጭ ተቀመጠ። የቦሼ እናት አየችው፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፀሐይ ካናቱ አልፋ ጥላው ወደ ሌላኛው ጎኑ ከዞረ በኋላ ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ግባም፣ ሂድም አላለችውም።

ተነስቶ ነገራት። ያን ቀን የተናገረችውን ራሷን መልሶ ነገራት፤ ከዚያ እሱ ለአዛዡ ምን ብሎ እንዳሳጠረው። አውቆ እንዳደረገው ነገራት። ትክክለኛውን ለመናገር ጊዜ እንደነበረውም ነገራት። ይቅርታ አልጠየቀም፤ የመጣው ለዚያ አልነበረም።

ሴትየዋ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ መናገር ጀመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሎቿን ስታገላብጥ ነው የኖረችው። እሷ ተናገረች፤ እነሱ ተኮሱ። በመሀል ሌላ ነገር አላየችም። ስለዚህ ከቃሎቿ አንዱ በእነሱ ቋንቋ ስድብ ወይም እርግማን ይሆናል ብላ አሰበች፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላገኘችውም። ቦሼ ከወይጦ ሲመለስ የጠየቃት የመጀመሪያ ነገር ምን ብለሻቸው ነው የሚል ነበር። የተናገረችውን ስትነግረው አላመናትም። ከዚያ ወዲህ እጇ የነካውን እህል አይቀምስም።

«ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር» አለች።

ሀብታሙ አንቺ አይደለሽም ለማለት አፉን ከፈተ።

እጇን አንስታ አስቆመችው። ያን ቀን ያልከውን በአማርኛ በለው አለችው፤ እንዳልከው አድርገህ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ቦሼ ከዲመካ ገበያ የለመደው አማርኛ አለ፤ ከእኔ አፍ በጆሮው ከሰማው ያምነኛል አለች።

ሀብታሙ ያን ቀን ያለውን አለ።

ደግሞ በል አለችው። ደገመ። ሦስተኛ ጊዜ እሷ ጀመረች። በሕይወቷ አንድ የአማርኛ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ድምፆቹ አፏ ውስጥ ይጋጫሉ። «ጠመንጃው» የሚለውን ተወጣችው፤ «ቤት ውስጥ» የሚለውንም። «የያዘው» ላይ ስትደርስ ምላሷ ተያዘ። ዓይኗን ዓይኑ ላይ ተክላ እስኪያርማት ጠበቀች። አረማት። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና አረማት። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል ድረስ እንዲህ ሆኑ።

በመጨረሻ ያለ ስህተት ወጣላት። ልክ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ልክ ነው አላት። ቦሼ ዛሬ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ እዚህ እንዳያገኝህ በዚያ በኩል ሂድ ብላ በገላጣው ማሳ በኩል ያለውን መንገድ አሳየችው፤ ከዚያ ወደ አጥሩ ውስጥ ገባች።

ሀብታሙ በተቆረጠው የማሽላ ግንድ መሀል ሲሄድ፣ ከኋላው፣ ከግቢው ውስጥ ድምፅዋ ይሰማው ነበር። እንዳትረሳው ለራሷ እየደጋገመች ነው፤ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ቃል ለይታ።

«ጠመንጃው ቤት ውስጥ ነው። የያዘው ሰው አለ።»